ጦርነት የሞላት፣ ሰላም ያጎደላት ደሴት

ደሴት እንሂድ ያለው የሒሳብ አስተማሪው ነው። እሱ ያሰባት ዛንዚባርን ነበር፤ ነጭ አሸዋዋን፣ የኮኮናት ዛፏን። የአውሮፕላኑን ዋጋ ሲነግረን ሦስታችንም ወደ ማኪያቷችን አቀረቀርን። «ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ናት» አልኩት፤ «በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ያለች፣ በነዳጅ መዋጮ የምንደርስባት ደሴት ባሳይህስ?» ሃያ ሰባት ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ጓደኞቹን የሚያባብለው በካርታ ነው።

እንዲያ ሆኖ ነው ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወጥተን ወደ ዝዋይ የወረድነው። አራት ነን፦ የሒሳብ አስተማሪው፣ የባንኩ ሰው (መኪናው የእሱ ስለሆነ ዘፈን የሚመርጠውም እሱ ነው)፣ በልጅነቱ ዲያቆን የነበረውና ዛሬ መርካቶ ቆርቆሮ የሚሸጠው ጓደኛችን፣ እና እኔ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን፤ መቂን አለፍን፤ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ በስተ ግራ ሐይቁ ብልጭ አለ። ከተማዋ ዛሬ ባቱ ትባላለች፣ ሐይቁም ደንበል። የእኔ ዕድሜ ሰው ግን ሁለቱንም ዝዋይ ማለቱን አልተወም።

ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ከሰው ቀድመው የሚቀበሉት አባ ኮዳዎቹ ናቸው። ትከሻቸውን ሰብቀው፣ በፍርድ ቤት ደጅ ባለጉዳይ እንደሚጠብቁ ራፖር ጸሐፊዎች ተደርድረው ይቆማሉ። አንድ ልጅ ቆሮሶ ዓሣውን ይዞ በስለት ጫፍ ቆዳውን ይገፋል፣ ሥጋውን ከግራና ከቀኝ ያነሳል፤ አጥንቱን ወደ ኋላው ሲወረውር መሬት ሳይነካ ይጠለፋል። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ የሚለው የማያልቅ ክርክር ተነሣ። ዲያቆኑ የፍስክ ነው ብሎ ፈረደ። የባንኩ ሰው ግን ፍርዱ ሳይሰጥ ጥብሱን አዝዞ ኖሯል።

ዲያቆኑ ስለዚህ ሐይቅ ከሁላችንም በላይ ያውቃል ብለን ነበር። በወጣትነቱ አንድ ክረምት ሙሉ አቡነ ጎርጎርዮስ ሐይቁ ዳር ባቋቋሙት ገዳም ተምሯል። «ደሴቷን በየቀኑ አያት ነበር» አለን፤ «መሻገር ግን አልመጣልኝም።» ይህች ቃል ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልጠፋችም። የብዙዎቻችን ታሪክ ከዚህች ደሴት ጋር እንዲሁ ነው፤ ከዳር ሆኖ ማየት።

የሞተር ጀልባ ተኮናትረን ተነሣን። ዝዋይ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። የቆዳ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በተባለው ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። መቂና ከታር ወንዞች ይገቡበታል፤ ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ እኛ የምንጓዝበት የዚያ ግዙፍ ውሃ ቅሪት ነው።

ስማቸው በታሪክ የሚነሣው ደሴቶች አምስት ናቸው፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ገሊላ። ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት። ቃሉ ኦሮምኛ ነው፣ «ትልቅ ተራራ» ማለት። የቤተ ክርስቲያን ስሟ ደግሞ ደብረ ጽዮን ነው። አንዱ ስም ከዳር ሆነው ሲያዩዋት የወጣ ነው፤ ሌላው ከውስጥ ሆነው ሲጸልዩባት። የዚህን ደሴት ታሪክ በሁለት ቃል ጨርሱ ብባል ሁለቱን ስሞቿን ጠርቼ እቀመጥ ነበር።

ከአንድ ሰዓት ተኩል ጉዞ በኋላ ደረስን። ከጀልባው ወርደን ሽቅብ ስንወጣ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው እርከኑ ነው። ጎን ለጎን የተደረደረ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ አንድ እርምጃ የማይሞላ አፈር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ የድንጋይ ረድፍ፤ እንዲህ እያለ ተራራውን ይዞረዋል። አንዱን ድንጋይ ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ከላይ ያለው ፊቱ በእግር ብዛት ለስልሷል፤ ከሥሩ ግን ገና እንደሻከረ ነው። በደሴት ላይ አፈር ከታጠበ የሚሄደው ወደ ጎረቤት ማሳ አይደለም፣ ወደ ውሃው ነው፤ ከሄደም አይመለስም። እርከኑን ያሠራቸው ይህ ሒሳብ ነው።

የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ከተራራው ራስ ላይ ነበር፤ ዛሬ ፍርስራሹ ነው ያለው። አገልግሎት የሚሰጠው ከሥር የተሠራው አዲሱ ነው። ከደጁ አንድ አረጋዊ ካህን ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ዲያቆኑ ጫማውን አውልቆ ቀደመን።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ ልጄ።» በመስቀላቸው ሁላችንንም ባረኩን፤ ከየት እንደመጣን ጠየቁን፤ ከዚያ ምን እንደምንጠይቃቸው ስለሚያውቁ ሳንጠይቃቸው ጀመሩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን አክሱም ስትጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሹ። ወደ ደቡብ፣ ሁልጊዜ ወደ ደቡብ እያሉ በመጨረሻ ከዚህ ሐይቅ ደረሱ፤ ታቦቱም በዚህች ደሴት ተቀመጠ። አርባ ዓመት የሚል አለ፣ ሰባ የሚል አለ። አገር ሲረጋጋ ታቦቱ ወደ አክሱም ተመለሰ፤ ደሴቷም ደብረ ጽዮን ተብላ ቀረች።

ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው «ቲቸር፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። ሁልጊዜ የምመልሰው በሁለት ከፍዬ ነው። አጥፊ ንግሥት መኖሯን የውጭ ሰዎች መስክረዋል። ዐረቡ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል እ.ኤ.አ. በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሐበሻን ንጉሥ ገድላ አገሩን ስለያዘች ሴት ጽፏል። የግብጽ ፓትርያርኮች ታሪክም፣ ፊላታዎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 979–1003)፣ አንድ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የጻፈውን የአቤቱታ ደብዳቤ ያነሣል፤ ንግሥቲቱ ከተማ እንዳቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናት እንዳፈረሰች፣ እሱንም ከቦታ ቦታ እንዳሳደደችው። መሸሽ ስለመኖሩ እንግዲህ ምስክር አለ። ሽሽቱ እዚህ ድረስ ስለመምጣቱ ግን የሚመሰክረው የአፍ ታሪክ ነው። የአፍ ታሪክ ውሸት ነው አላልኩም፤ ብራናና ትዝታ በአንድ ችሎት አይዳኙም ነው የምለው። ደግሞም ከእነዚህ ደሴቶች የመካከለኛው ዘመን የግእዝ ብራናዎች ተገኝተዋል፤ በሥዕል ያጌጠ የቅዱሳን ገድል ሳይቀር። ብራናውን የጻፈው ማንም ይሁን ማን፣ ቀለም በጥብጦ፣ ፍየል ፍቆ፣ መጽሐፍ የሚጽፍ ማኅበረሰብ በዚህ ውሃ መካከል ነበረ፤ ወይም መጻሕፍቱን ከሞት አድኖ ያመጣ ሰው ነበረ።

የሒሳብ አስተማሪው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «ታቦቱ የተቀመጠበት ቦታ የትኛው ነው አባ?» አለ። አባ ወደ ተራራው ራስ በመስቀላቸው አመለከቱ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ታቦቱ ነው። ታቦቱ ሄደ። የቀረነው እኛ ነን።»

ማንም አልመለሰላቸውም። የሒሳብ አስተማሪው ደብተሩን ዘጋ። እኔ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ትምህርት ሳስተምር ስለ ታቦቱ ተናግሬ ስለ «እኛ» አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨምር ማለፌ ትዝ አለኝ።

«እኛ» ያሉት ዛይን ነው። ዛይ የሕዝቡም የቋንቋውም ስም ነው፤ የዳሩ ኦሮሞ «ላቂ» ይላቸዋል። ስንወርድ የባለጀልባውን ልጅ አስከትዬ ቋንቋ መማር ጀመርኩ። «ቤት በዛይ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጋር።»

እንደገና አስደገምኩት። «ጋር» አለኝ፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ እያየኝ።

ይህች አጭር ቃል ለታሪክ አስተማሪ እንደ ማኅተም ናት። ሐረር ግንብ ውስጥ ያለ ሐረሪም ቤቱን «ጋር» ይለዋል፤ ስልጤውም እንዲሁ። የቋንቋ ሊቃውንት ዛይን ከስልጤ፣ ከወለኔና ከሐረሪ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመድቡታል። ቮልፍ ሌስላው የዛይን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትሟል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ሮኒ ማየር በጀርመንኛ ሰፊ የሰዋስው መጽሐፍ ጽፏል። እኔ ከአዲስ አበባ በግማሽ ቀን የምደርስበትን ቋንቋ የመዘገቡት እነሱ ናቸው፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እንግዲህ እናስብ። የደሴቱ ሰው ሁሉ ከአክሱም የመጣ ካህን ልጅ ቢሆን ኖሮ ቋንቋው ወደ ትግርኛ ባደላ ነበር። እሱ ግን ወደ ስልጤና ወደ ሐረር ያደላል። የአክሱም ካህናት መጥተው ከሆነ እዚህ የተገኘ ሕዝብ ውስጥ ሟሙተዋል፤ ወይም ከእነሱ በኋላ የመጣ ይበልጥ በዝቷል። የዛይ ሽማግሌዎችም ራሳቸው ምንጫችን አንድ ነው አይሉም፤ ከአክሱም የመጣ አለ፣ ከሸዋ የሸሸ አለ፣ ከዙሪያው አገር የተጠጋ አለ ይላሉ። ቋንቋው የአፍ ታሪኩን አላፈረሰውም፤ «አንተ ብቻ አይደለህም» ነው ያለው።

በዚህ ውስጥ ያለውን ምፀት ልብ በሉልኝ። ከ1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሸዋን ሲያጥለቀልቅ፣ ክርስቲያኖች ነፍሳቸውንና መጻሕፍታቸውን ይዘው ወደነዚህ ደሴቶች እንደገቡ ይነገራል። ያ ሠራዊት ደግሞ የተነሣው ከሐረር ነው። የሸሸው ደሴተኛ ቤቱን «ጋር» ይላል፤ ከሐረር የዘመተውም ሐረሪ ቤቱን «ጋር» ይላል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ከማንም በተሻለ ሊረዳ በሚችልበት ሁኔታ ሃይማኖት ለያይቷቸው ነበር። ከዚያ የኦሮሞን ሕዝብ መስፋፋት ተከትሎ በዝዋይና በሐረር መካከል ያለው አገር ቋንቋውን ሲለውጥ፣ የድሮው ዝምድና ለሁለት ተቆርጦ አንዱ ጫፍ በግንብ ውስጥ፣ ሌላው በውሃ ውስጥ ቀረ።

በውሃ ውስጥ የቀረው ኑሮውን ለውሃው ልክ አሰፋ። መሬት ስለጠበበ እርከን ሠራ። ከብት ማርባት ስላልተመቸው ዓሣ አጠመደ፤ በደንገልና ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ቀላል እንጨት ታንኳ አሰረ። ሽመና ሙያው ሆነ። አንዲት እናት ከደጃቸው ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ አየናቸው፤ እንዝርቷን ጭናቸው ላይ ሽው አድርገው ይለቋታል፣ ክሩ እየቀጠነ ይወርዳል፣ ዓይናቸው ግን እኛ ላይ ነው። የባንኩ ሰው «እማማ፣ ጋቢ አለዎት?» ቢላቸው «ለማንኛችሁ ይበቃል?» ብለው ቁመቱን ከላይ እስከ ታች ለኩት።

ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ድንኳን ተክለን አደርን። መብራት የለም፤ ከማዶ የባቱ ከተማ ብርሃን እንደ ፍም ይታያል። ጉማሬ ሲያጓራ የሒሳብ አስተማሪው ሦስት ጊዜ ተነሣ። ሊነጋ ሲል ከበሮው ተሰማ። ዲያቆኑ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ፤ ቅዳሴው እስኪወጣ አላየነውም።

ጠዋት ቆጠርኩ። ለቅዳሴ የመጡት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ጥቂት ልጆች። በመካከሉ ያለው ዕድሜ የለም። ምክንያቱን ለመረዳት መቶ አርባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የምኒልክ ጦር አዙሌ ላይ አርሲን ድል አደረገ። ይህን ዓመት ክፍል ውስጥ ሳስተምር ቃሌን እመዝናለሁ፤ ከፊቴ የሁሉም ወገን ልጅ ይቀመጣልና። ለዛይ የሐይቁ ዳር የተከፈተበት ዘመን ነው። ለአርሲ ኦሮሞ ግን ነጻነቱን ያጣበት፣ አኖሌ ላይ የደረሰበት ግፍ ቁስል እስከ ዛሬ የሚመረቅዝበት ዘመን ነው። አንዱ ክስተት ለአንዱ በር፣ ለሌላው መቃብር ሲሆን ሁለቱንም በአንድ ገጽ መጻፍ የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው።

በሩ ሲከፈት ደሴተኛው መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ለገበያ፣ ቀጥሎ ለእርሻ፣ ቀጥሎ ለመኖር። ዛሬ አብዛኛው የዛይ ሰው የሚኖረው ደሴት ላይ አይደለም፤ በመቂ፣ በባቱና በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ነው። ከጎረቤቱ ጋር ኦሮምኛ ያወራል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ልጁም ከፍ ሲል ሥራ ወዳለበት ይሄዳል። ሐይቁንም ዛሬ ብዙ ነገር ይጋራዋል፦ የከተማው ቧንቧ፣ የአትክልት መስኖው፣ የአበባ እርሻው፤ በቅርቡ ደግሞ እምቦጭ። ዓሣ አጥማጁ ድሮ ደጁ ያገኘውን ዛሬ ርቆ ይፈልገዋል። የሸሸ ሰው በጦርነት ጊዜ ወደ ደሴት ገባ፤ ያልሸሸ ልጁ በሰላም ጊዜ ከደሴት ወጣ። ማንንም መውቀስ አይቻልም። ክሊኒክና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማዶ ካለ፣ እናት ልጇን በታሪክ ስም ደሴት ላይ አታስርም።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ተሰናብተን ተነሣን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ፀባዩን ይለውጣል። ማዶውን ሸንበቆ ማየት ጀምረን ሳለ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ዝም አለ። ባለጀልባው ገመዱን ቢጎትት፣ ቢጎትት አልሆነም። ማዕበሉ ጎናችንን ይደበድበን ጀመር። የባንኩ ሰው አዲሱን ጋቢውን በላስቲክ ጠቀለለ፤ ዲያቆኑ ውዳሴ ማርያም ጀመረ። የባለጀልባው ልጅ ግን ሸሚዙን አውልቆ ዘሎ ገባ።

ውሃው ደረቱ ላይ ቀረ።

ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ጀልባችንን ከኋላ እየገፋ በሸንበቆው መካከል እንደ ጋሪ ወሰደን። እኔ ግን ሳቄን ስጨርስ ያንን ውሃ ትክ ብዬ አየሁት። ዮዲትን አመለጠ የተባለ ታቦት፣ ከኢማሙ ሠራዊት የዳነ ብራና፣ ዙሪያው ቋንቋውን ሲለውጥ ሳይለወጥ የኖረ አንደበት፤ ይህን ሁሉ የጠበቀው ባሕረ ኤርትራ አይደለም፣ ዳሩ ላይ የአንድ ጎረምሳ ደረት የማይሸፍን፣ መካከሉ 9 ሜትር የሆነ ውሃ ነው። ፈረስ እስካልተሻገረው ድረስ ምሽግ ነበር። ዛሬ ሞተር ይሻገረዋል፣ ሬድዮ ይሻገረዋል፣ ስልክ ይሻገረዋል። ውሃው ከእንግዲህ ማንንም አይጠብቅም፤ ዛይን የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ገብቼ ስለ ዮዲት ጉዲት ሳስተምር ከሰሌዳው ግርጌ አንድ ቃል ጨመርኩ፦ ጋር። ተማሪዎቼ «ከማን ጋር?» ብለው ሳቁ። ለካ በእኛም ቋንቋ «እኛ ጋር ኑ» ሲባል ቤታችን ኑ ማለት ነው፤ ዝምድና አላቸው አልልም፣ ለማስታወስ ግን ይጠቅማል። እናንተም ወደ ቱሉ ጉዶ ከተሻገራችሁ ስለ ታቦቱ ጠይቁ፤ አባ በትዕግሥት ይነግሯችኋል። ስትወርዱ ግን ከልጆቹ አንዱን ይዛችሁ ውሃን፣ ዳቦን፣ እናትን በዛይ ምን እንደሚሉ ጠይቁና ጻፉ። ቤት የሚለውን እኔ ጽፌዋለሁ።